ከ3 እስከ 5 ዓመት፦ ስለ ልጅ እድገት ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ልጅ አፉን ከፈታና መሮጥ ከጀመረ በኋላ የክትባቱም የክብደቱም ቀጠሮ ይራራቃል። ከዚያ ወዲያ እድገቱን በየቀኑ የሚያየው ወላጁ ነው። ጥያቄው የሚበዛውም ያኔ ነው። ብዙዎቹ ጥያቄዎች የሚነሱት ልጁን ከእህት ልጅ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር ከማወዳደር ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የማምንበት ማወዳደሪያ ሌላ ነው፦ ልጁ ራሱ፣ ከ3 ወር በፊት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ቤት ውስጥ የማየው ነገር ምን ዋጋ አለው?

ትልቅ ዋጋ አለው። ሐኪም ልጁን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያውም በማያውቀው ክፍል፣ እናቱ ጉያ ውስጥ ተሸጉጦ። እናንተ ግን ሲነቃ፣ ሲርበው፣ ሲናደድ፣ ብቻውን ሲጫወት ታዩታላችሁ። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1839 የተወለደውን የበኩር ልጁን እየተከታተለ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። በዚያ ማስታወሻ ላይ ተመሥርቶ የጻፈው ጽሑፍ በ1877 ታትሟል። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤም ስለ ሕፃናት አስተሳሰብ ሲጽፍ መነሻ ካደረጋቸው ልጆች መካከል የራሱ 3 ልጆች ነበሩ።

ዋናው ቁም ነገር ያያችሁትን ከፈረዳችሁት መለየት ነው። «ልጄ ዓይናፋር ነው» ፍርድ ነው። «ልጆች ወደሚጫወቱበት ሄደ። ዳር ቆሞ አያቸው። ኳሷ ወደ እሱ ስትንከባለል አንስቶ ሰጣቸው፣ ከዚያ አብሯቸው መሮጥ ጀመረ» የሚለው ግን ምልከታ ነው። ሁለተኛው ስለ ልጁ ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ ማየት ይፈልጋል፣ መግቢያ ይጠብቃል፣ ሲያገኝ ይገባል። እንዲህ ያለው ልጅ «ሂድና ተጫወት እንጂ!» ተብሎ መገፋት አያስፈልገውም። ትንሽ ጊዜ ነው የሚፈልገው።

ምን ልጻፍ? በየስንት ጊዜው?

በሳምንት አንዴ ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል። ቀኑን፣ ዕድሜውን በዓመትና በወር፣ ያደረገውን፣ ያለውን ቃል በቃል። ስልካችሁ ላይ ብትጽፉትም ያው ነው። የሚያሳስባችሁ ነገር ሐኪም ፊት የማይታይ ከሆነ (ሌሊት መጮህ፣ አረማመድ፣ መንተባተብ) የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ። ቪዲዮው ለሐኪሙ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚለጠፍ አይደለም፤ የልጅም ገመና ገመና ነው።

ድሮ ደህና ይበላ ነበር። አሁን ምግብ እንቢ አለ፣ ከሳም። እድገቱ ቆሟል?

ይህ ጥያቄ ያልተነሳበት ቤት ያለ አይመስለኝም። ቁጥሮቹን ስታዩ ግን ነገሩ ይገባችኋል። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ክብደቱ ሲወለድ ከነበረው ወደ 3 እጥፍ ይደርሳል፣ ቁመቱም ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። በሁለተኛው ዓመት የቁመቱ ጭማሪ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ከ3 እስከ 5 ባሉት ዓመታት ደግሞ በዓመት ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትርና ወደ 2 ኪሎ ገደማ ነው። እድገቱ አልቆመም፤ ፍጥነቱ ቀንሷል። ፍጥነቱ ሲቀንስ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል። በዚህ ላይ ሆዱ እየገባ፣ እግሩ እየረዘመ ስለሚሄድ የከሳ ይመስላል።

የአንድ ቀን ገበታ አይታችሁ አትፍረዱ። ዛሬ ሁለት ጉርሻ በልቶ የተነሳ ልጅ ነገ ሊደግምና ሊሰልስ ይችላል። የሳምንቱን ድምር እዩ። ለእኔ ከሁሉ የሚሠራው የሥራ ክፍፍል ነው። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ የሚወስነው ወላጅ ነው። ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። እያሳደዱ ማጉረስ የጥጋብና የረሃብ ስሜቱን እንዳያዳምጥ ያደርገዋል። በመሀል በመሀል የሚሰጠውንም ተመልከቱ። ቀኑን ሙሉ ወተትና ጭማቂ ሲጠጣ የዋለ ልጅ ገበታ ላይ ቢያኮርፍ አይፈረድበትም።

ክብደቱ በእርግጥ ከቀነሰ፣ ወይም ለብዙ ወራት ምንም ካልጨመረ ግን መታየት አለበት።

የእድገት ሰንጠረዡ ላይ ልጄ በቁመት 15ኛው መስመር ላይ ናት አሉኝ። ዝቅተኛ ውጤት ነው?

ውጤት አይደለም፣ ፈተናም አልተፈተነችም። ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸው 100 ሴት ልጆች በቁመት ቢሰለፉ 15ቱ ያህል ከእሷ ያጥራሉ፣ የቀሩት ይበልጧታል ማለት ነው። ከአጫጭር ወላጆች የተወለደች ጤነኛ ልጅ እዚያ መስመር ላይ ብትገኝ የሚገርም ነገር የለውም።

በብዙ አገር የሚሠራበት እስከ 5 ዓመት ያለው ሰንጠረዥ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ነው። የተዘጋጀው በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያሉ ልጆችን በመለካት ነው። በደንብ የተመገቡና በጤና የኖሩ ልጆች በየትኛውም አህጉር ቢያድጉ እስከ 5 ዓመታቸው እድገታቸው እንደሚቀራረብ የታየው በዚህ ጥናት ነው።

ሐኪሙ የሚፈልገው የመስመሩን አቅጣጫ ነው። ሁልጊዜ 15ኛው አካባቢ ያለች ልጅ በራሷ መንገድ እያደገች ነው። 75ኛው ላይ የነበረና በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 25ኛው የወረደ ልጅ ግን፣ ቁጥሩ ከእሷ ቢበልጥም፣ ይበልጥ ትኩረት ይፈልጋል።

ቤት ውስጥ ስትለኩ ጫማ አስወልቁ፣ ተረከዙን ግድግዳ አስነኩት፣ ወፍራም መጽሐፍ አናቱ ላይ አግድም አስቀምጡና በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በ6 ወር አንዴ ይበቃል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ልጆች እስከ 2 ዓመት የሚለኩት ተኝተው፣ ከዚያ በኋላ ቆመው ነው። ቆሞ ሲለካ ወደ 0.7 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። «ልጄ አጠረ» ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

የሚያወራው ለእኔ ይገባኛል፣ ለሌላ ሰው ግን አይገባም። መጨነቅ አለብኝ?

እንደ ዕድሜው ነው። በ2 ዓመት አካባቢ ልጆች ሁለት ቃል መግጠም ይጀምራሉ። በ3 ዓመት የማያውቀው ሰው ከንግግሩ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ሊረዳው ይገባል። በ4 ዓመት ሁሉንም ማለት ይቻላል፤ «ር»ን የመሰሉ አስቸጋሪ ድምፆች ግን ገና ሊኮላተፉበት ይችላሉ።

ስሕተቱንም ልብ ብላችሁ ስሙት። «ና» የሚለውን ቃል የለመደ ልጅ «አትምጣ» ማለት ሲፈልግ «አትና» ቢል ከማንም ሰምቶ አይደለም። ቋንቋው ውስጥ ሕግ እንዳለ ደርሶበት፣ ሕጉን ራሱ ሠርቶበታል። ይህ ከመድገም የተሻለ ደረጃ ነው። እየሳቃችሁ ወይም እያቋረጣችሁ አታርሙት። «እሺ፣ አትምጣ ልበለው?» ብላችሁ በትክክለኛው አነጋገር መልሱለት፤ ጆሮው ይሠራል።

ሁለት ቋንቋ የሚነገርበት ቤት ያለ ልጅ በሁለት ቋንቋ ምክንያት አይዘገይም። ስንት ቃል ያውቃል ብላችሁ ስትቆጥሩ የሁለቱንም ደምሩ። ሁለቱንም ቋንቋ ማቀላቀሉም ግራ የመጋባት ምልክት አይደለም።

ንግግሩ ዘገየ ብላችሁ ካሰባችሁ መጀመሪያ የሚመረመረው ጆሮው ነው። ጆሮው ደጋግሞ የሚታመም ልጅ ከጆሮ ታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ሊጠራቀምበት ይችላል፤ ያኔ ድምፅ ታፍኖ ነው የሚሰማው። ከጀርባው ስትጠሩት የማይዞር፣ ቴሌቪዥን ድምፁን ካልጨመረ የማይሰማ ልጅ «እልኸኛ» ተብሎ እንዳይቀጣ አደራ።

ደህና ሲያወራ የነበረ ልጅ ድንገት መንተባተብ ጀመረ።

ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ የሚጀምር ነገር ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች በራሱ ጊዜ ይተዋቸዋል። ደንግጦ ወይም ተቀጥቶ ነው ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። «ቀስ በል»፣ «አስበህ ተናገር» የሚለው ምክር ልጁን ይበልጥ ያስጨንቀዋል። ፊቱን እያያችሁ እስኪጨርስ ጠብቁት። ቃሉን ከአፉ አትንጠቁ። ቀስ ማለት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ እሱ ይከተላችኋል።

ከ6 ወር በላይ ከቆየ፣ ሲናገር ፊቱ የሚኮማተር ወይም ትንፋሹ የሚያዝ ከሆነ፣ መናገር መሸሽ ከጀመረ፣ ወይም በቤተሰቡ ሲንተባተብ የኖረ ሰው ካለ የንግግር ባለሙያ ይየው።

4 ዓመት ሞላት፣ ፊደል መጻፍ ግን አልቻለችም። የጓደኛዋ እናት ልጇ ስሟን ትጽፋለች አለችኝ።

ይህ ጥያቄ ልቤን ይነካዋል፤ ልጆች ሳይደርሱ እርሳስ ጨብጠው ሲያለቅሱ አይቻለሁና። እጅ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። ብዙ ልጆች በ3 ዓመት አካባቢ ክብ አይተው ይገለብጣሉ። በ4 ዓመት መስቀለኛ መስመር፣ ወደ 5 ሲጠጉ አራት ማዕዘን ይሆንላቸዋል። ሦስት ማዕዘን ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ዘንበል ያለ መስመር ከባድ ነው። ፊደል ደግሞ የእነዚህ ሁሉ ቅልቅል ነው። ክብና አራት ማዕዘን ያልገባለት እጅ ፊደል ላይ ቢታገል ድካሙ ብቻ ነው የሚተርፈው።

ሥዕሏን ተመልከቱ። መጀመሪያ የምትስለው ሰው ትልቅ ክብ ራስ ነው፤ እግሮቹ ከአገጩ ቀጥታ ይወርዳሉ። ሆድ የለም። እጆቹ ካሉ ከጆሮው አካባቢ ይወጣሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጣቶች ይመጣሉ፣ አንዳንዴ ሰባት፣ አንዳንዴ አሥራ አንድ። ቀጥሎ ሆድ ይመጣል፤ ሆዱ ላይ ቁልፍ ይደረደራል። ዓለም ዙሪያ ያሉ ልጆች ሰውን መሳል በዚህ መልኩ ሲጀምሩ ታይተዋል። ከእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ቀን ጻፉበት። ስትስል «ይሄ ምንድን ነው?» ከማለት «ስለ ሥዕልሽ ንገሪኝ» ብትሏት የበለጠ ታወራችኋለች።

እጇ እንዲጠነክር ከፈለጋችሁ ጭቃ ታድቦልቡል፣ ወረቀት በመቀስ ትቁረጥ፣ የሸሚዟን ቁልፍ ራሷ ትቆልፍ። ጊዜ ይወስዳል፤ ጠዋት ስትቸኩሉ ሳይሆን ማታ ልብስ ስትቀይር አድርጉት።

ልጄ ግራኝ ሊሆን ነው መሰለኝ። ላስተወው?

አታስተዉት። የእጅ ምርጫ ከ2 እስከ 4 ዓመት ውስጥ እየጠራ ይሄዳል፤ በግድ ማስቀየር ልጁን ከማጨናነቅ ያለፈ ጥቅም የለውም። የግራኝ መቀስ ፈልጉለት። መጠየቅ ያለበት አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ገና 18 ወር ሳይሞላው አንዱን እጁን ትቶ በሌላው ብቻ ይሠራ ከነበረ፣ ሁለተኛው እጅ ድካም እንዳለበት ሐኪም ይይ።

ወተቱን ራሱ ደፍቶ «እኔ አይደለሁም» አለኝ። ውሸታም እየሆነ ነው?

የዚህ መልስ ብዙ ወላጆችን ያስገርማል፦ እያደገ ነው። ሰው ለመዋሸት መጀመሪያ ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር እንዳለ መረዳት አለበት። የ2 ዓመት ልጅ እሱ የሚያውቀውን ሁሉ እናንተም የምታውቁ ይመስለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ይህን በቀላል ታሪክ ፈትኖታል። አንድ ልጅ ቸኮላቱን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል። እሱ በሌለበት እናቱ ወደ ሌላ ቦታ ታዛውረዋለች። ልጁ ሲመለስ የት ይፈልገዋል? የ3 ዓመት ልጆች «አሁን ያለበት ቦታ» ይላሉ። ከ4 እስከ 5 ዓመት ሲሆኑ ግን ብዙዎቹ «ያስቀመጠበት ቦታ፣ መነሳቱን አላየማ» ማለት ይጀምራሉ። ቤት ውስጥ በአሻንጉሊት ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ዛሬ ቢሳሳት ምንም አይደለም፣ አታርሙት። ከ3 ወር በኋላ ደግማችሁ ጠይቁት። ልጅ አእምሮ ውስጥ አዲስ ነገር ሲገባ በዓይን ማየት ከሚቻልባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው።

ስለ ወተቱ ደግሞ፦ ሲደፋው እያያችሁ «ማን ነው የደፋው?» አትበሉ። ያ ውሸት የሚጋብዝ ጥያቄ ነው። «ወተቱ ፈስሷል፣ ጨርቅ እናምጣ» በሉት። እውነቱን ሲናገር እውነት በመናገሩ አመስግኑት።

የማይታይ ጓደኛ ካለውም አትስጉ። በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ ከጓደኛው ጋር የሚያወራውን በጆሯችሁ ስረቁ፣ የሚያስፈራውና የሚያስደስተው ነገር ብዙውን ጊዜ እዚያ ይገኛል።

ሲቆም ጉልበቶቹ ይጋጫሉ። እግሩም ጠፍጣፋ ነው። ማታ ማታ ደግሞ እግሬን አመመኝ ይላል።

ሦስቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ሕፃናት እግራቸው ወደ ውጭ ቀስት ሆኖ ይጀምራሉ፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት አካባቢ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ይገባል፣ እስከ 7 ዓመት ድረስ ደግሞ በአብዛኛው እየተስተካከለ ይሄዳል። የውስጥ እግር ጉድጓዱም በእነዚሁ ዓመታት ቀስ እያለ ይሠራል። በጣቶቹ ጫፍ ሲቆም ጉድጓዱ ከታየ፣ ሕመም ከሌለው፣ ተዉት።

የማታው ሕመም ብዙ ልጆችን ያጋጥማል። ሁለቱንም እግር ነው የሚያመው፤ ባትና ታፋ ላይ ነው፤ ሲታሽ ይሻለዋል፤ ጠዋት ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ይሮጣል። አንድ እግር ብቻ ሁልጊዜ ካመመው፣ ካነከሰ፣ መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩት።

ሌሊት ዓይኑን ገልጦ ይጮሃል፣ ሳቅፈው አያውቀኝም።

ለሚያየው ሰው ያስፈራል፣ ልጁ ግን አያስታውሰውም። ይህ ከቅዠት ይለያል። ቅዠት ወደ ንጋት ሲጠጋ ይመጣል፤ ልጁ ይነቃል፣ ያለቅሳል፣ ያየውን ይናገራል፣ ስታቅፉት ይረጋጋል። ይሄኛው ጩኸት የሚመጣው ከተኛ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት፣ ከጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ነው። ለመቀስቀስ አትታገሉ። እንዳይወድቅ ጠብቁት፣ ያልፋል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ላይ ስለሚብስ ቀደም ብሎ መተኛቱ ይረዳል። በዚህ ዕድሜ የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል።

አልጋ ላይ መሽናትም አብሮ ይጠየቃል። ከ5 ዓመት በታች እንደ ችግር አይታይም፤ 5 ዓመት ከሞላቸው 100 ልጆችም 15 ያህሉ ገና ሌሊት ያመልጣቸዋል። ቁጣና ማሳፈር አይረዳም። ለወራት ደርቆ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረውና ውሃ አብዝቶ ከጠጣ ግን ቶሎ ይመርመር፤ ስኳር ሊሆን ይችላል።

ስልክና ቴሌቪዥን ስንት ሰዓት?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥ ይላል፤ ካነሰ ደግሞ የተሻለ። በቀን 180 ደቂቃ ደግሞ በእንቅስቃሴ ያሳልፉ፣ ከዚህ ውስጥ 60ው ላብ የሚያወጣ ሩጫና ዝላይ ይሁን ይላል።

እንግዲህ ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

በማንኛውም ዕድሜ የነበረውን ችሎታ ካጣ። ይናገር የነበረ መናገር ከተወ፣ ይሮጥ የነበረ መውደቅ ካበዛ፣ ይጫወት የነበረ ሰው መሸሽ ከጀመረ ቀጠሮ አትጠብቁ። አዲስ ሕፃን ሲወለድ ትልቁ ልጅ ለጥቂት ሳምንት እንደ ሕፃን ቢሆን፣ ጡጦ ቢጠይቅ፣ ሱሪው ላይ ቢያመልጠው የተለመደ ነው። ችሎታው አልጠፋም፤ ትኩረት ነው የፈለገው።

ከዚህ ሌላ በ3 ዓመቱ ሁለት ሦስት ቃል የማይገጥም፣ ቀላል ትእዛዝ የማይገባው፣ ዓይን ለዓይን የማይተያይ፣ የፈለገውን በጣቱ የማያሳይ፣ ወይም አሻንጉሊት ማሰለፍ እንጂ የማስመሰል ጨዋታ የማይጫወት ልጅ ይታይ። በ4 እና በ5 ዓመቱ ደግሞ ደረጃ መውጣት የሚከብደው፣ ከልጆች ጋር ፈጽሞ የማይቀላቀል፣ ወይም ቁጣው እየበረደ በመሄድ ፈንታ እየባሰ ራሱንና ሌላውን የሚጎዳ ልጅ። አንድ ምልክት ብቻውን በሽታ አይደለም። መጠየቅ ግን ይገባል።

«ተይው፣ አባቱም ዘግይቶ ነው ያወራው» የሚሉ ዘመዶች ልባቸው ንጹሕ ነው። እውነትም ሊሆን ይችላል። ግን መርምሮ ደህና ነው መባል ምንም አይጎዳም፤ መዘግየት ግን ይጎዳል፣ በተለይ ጆሮና ንግግር ላይ። ስትሄዱ ማስታወሻችሁን፣ ቪዲዮውንና ያሉትን የክብደትና የቁመት ልኬቶች ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ጊዜ ከሌለው «ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው» ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ፣ ያያችሁበትን ቀንም ንገሩት።